ማሽኑ መጠራጠርንም ይማር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ኮምፒውተሮች በቅርቡ እንደ ሰው ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ያሸታሉ ስትሉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል። ጽሑፉ ግን ከዳር እስከ ዳር ያተኮረው «መቼ ይደርሳሉ?» በሚለው ላይ ነው። እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማሽኑ ያየውን ነገር መለየት ሲያቅተው ምን ያደርጋል?

ቀኑን መተንበይማ ብዙዎችን አሳፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሲይሞር ፓፐርት ኮምፒውተር የሚያይበትን ሥርዓት ትልቅ ክፍል ተማሪዎች በአንድ የዕረፍት ወቅት እንዲሠሩት ዕቅድ አውጥቶ ነበር። በ2012 መጨረሻ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኩባንያው አይቢኤም፣ ኮምፒውተሮች በአምስት ዓመት ውስጥ አምስቱንም የስሜት ሕዋሳት በየራሳቸው መንገድ መላበስ እንደሚጀምሩ ተናገረ። ማየቱና መስማቱ እውነትም ገሰገሰ፤ ማሽተቱና መቅመሱ ዛሬም ብዙ ይቀረዋል።

በዚያው በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት አሌክስኔት የተባለ ፕሮግራም፣ ኢሜጅኔት በሚባለው በፎቶ ላይ ያለን ነገር የመለየት ውድድር ስህተቱን ወደ 15 በመቶ ገደማ ሲያወርድ፣ ተከታዩ ተወዳዳሪ 26 በመቶ ላይ ነበር። የዛሬው አብዛኛው ሥራ ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ነው። የውድድሩን ሕግ ግን ልብ በሉልኝ። ሥርዓቱ የተማረው 1000 የነገር ዓይነቶችን ነው። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ነገር ቢያሳዩትም «ይህን አላውቀውም» የሚል ምርጫ አልተሰጠውም። መቶ በመቶውን ዕድል በሚያውቃቸው ስሞች መካከል አከፋፍሎ ከፍ ያለ ድርሻ የደረሰውን ስም ይናገራል።

ይህ በፎቶ ውድድር ላይ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ሰው ይገድላል። በመጋቢት 2018 በአሪዞና ግዛት ቴምፒ ከተማ የኡበር የሙከራ መኪና በራሱ እየነዳ ሳለ፣ ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ ስታቋርጥ የነበረች ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አደጋውን መርምሮ ያወጣውን ሪፖርት ሰው ሁሉ ቢያነበው እመኛለሁ። መኪናው ሴትዮዋን አላያትም እንዳይባል፣ ሴንሰሮቹ ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ ቀድመው አግኝተዋታል። በመጀመሪያ ተሽከርካሪ ናት አለ። ቀጥሎ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ እንደገና ተሽከርካሪ፣ በመጨረሻ ብስክሌት። ክፉው ነገር ይህ መወላወሉ አይደለም። ስያሜውን በቀየረ ቁጥር ቀደም ሲል የት እንደነበረችና ወዴት እየሄደች እንደነበር የሚያሳየውን መረጃ ከስሌቱ ያወጣው ነበር። ስለዚህ በየጊዜው እንደ አዲስ ነገር ይጀምራታል፤ ወደ እሱ መስመር እየመጣች መሆኑን አይገምትም። ሰው ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሊሻገር ይችላል የሚል ሐሳብም በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም። መኪናው ውስጥ የነበረችው ተቆጣጣሪ ስልኳን እያየች እንደነበርም ቦርዱ ገልጿል፤ የእሷ ጥፋት ግን የማሽኑን ጉድለት አይሽረውም።

በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየ ሾፌር ምንነቱን ሳይለይ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። እንስሳ ይሁን ሰው ቆይቶ ይጣራል። ሰው ከማሽን የሚለየው አጥርቶ በማየቱ ብቻ አይደለም፤ አጥርቶ ባላየ ጊዜ ቆም ማለቱ ነው። እንደ ሰው የሚያስተውል ኮምፒውተር እንሠራለን የሚሉ ሁሉ መጀመሪያ ሊያስተምሩት የሚገባ ይህን ይመስለኛል።

ደግሞ ስህተቱ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። በዚያው በ2018 ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ፣ የፊት ምስል አይተው ፆታ ይለያሉ የተባሉ ሦስት የገበያ ሶፍትዌሮችን ፈትሸው ነበር። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። አንድ ጥቅል አማካይ ቁጥር ብቻ ቢነገር ኖሮ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ይህን ስል ቴክኖሎጂውን ጠልቼ አይደለም። ዓይነ ስውር ወዳጄ በስልኩ ካሜራ ደብዳቤውን ያነባል፣ የልብሱን ቀለም ይለያል፣ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሰው ሳይለምን ያውቃል። ይህ ለእሱ ነፃነት ነው። አንድ ቀን የመድኃኒት ዕቃ ለስልኩ ካሜራ ሲያሳይ ጣቱ የጽሑፉን ግማሽ ሸፍኖት ነበር። የስልኩ መተግበሪያ ግን የተሸፈነውን የመድኃኒት መጠን ከራሱ ሞልቶ፣ ድምፁ ሳይለወጥ አነበበለት። አጠገቡ ሆኜ ዕቃውን ባላየሁት ኖሮ ይውጠው ነበር። ወዳጄ የተናደደው መሳሳቱ ላይ አልነበረም። «አልታየኝም፣ አዙረው ቢለኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። እውነቱን ነው። ማየት ለሚችል ሰው የማሽኑ ስህተት በዓይን ይስተካከላል፤ ማሽኑን እንደ ዓይኑ ለሚይዝ ሰው ግን ሌላ ማመሳከሪያ የለውም።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ እንዲህ ያለ አዲስ ምርት ስታስተዋውቁን ሠሪዎቹን ሁለት ነገር ጠይቁልን። በእነማን ላይ ተፈተነ? እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜስ አላውቅም ብሎ ይናገራል ወይስ ይገምታል? ከሠሪዎቹ በፊት ደግሞ በየቀኑ የሚገለገሉበትን ዓይነ ስውራን አነጋግሩ። ከማንም በላይ የት እንደሚያታልል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ