ወረቀቱ ለታማሚው ከሆነ ለታማሚው ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምሠራው ባሕር ዳር፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ መድኃኒት ለማደል ቢሆንም የቀኑ ግማሽ የሚያልፈው ወረቀት በማንበብ ነው። ሰው ከሐኪም ወጥቶ መንገዱን ይሻገርና ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ “ልጄ፣ እስቲ ምን ይላል?” ይለኛል። የላብራቶሪ ውጤት፣ ሪፈር፣ የራጅ ወረቀት፣ የማይመጣ የለም። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በምህጻረ ቃል የተጻፈ ነው።

ከዘጌ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ሪፈራቸው ላይ “አር” እና “ኦ” የሚሉ ፊደሎች አሉ፤ መሀላቸው ዘንበል ያለ መስመር ገብቷል። ቀጥሎ “ቲቢ” ይላል። የሰፈር ተማሪ ያነበበላቸው “ቲቢ” የምትለዋን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳህናቸው ተለይቷል፣ ሲኒያቸው ተለይቷል። ቡና በሚለቀምበት አገር ሰውየው ቡናቸውን ለብቻቸው ደጅ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ወረቀቱ ግን “ቲቢ አለባቸው” አይልም። የሚለው “ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይጣራ” ነው። ነገሩን ሳስረዳቸው ልጃቸው አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን “እና ሲኒዬ ይመለስልኛ?” ብለው ሳቁ። የሚያስል ሰው ተመርምሮ እስኪታወቅ አፉን ሸፈን ቢያደርግ ጥሩ ነው። ዕቃ መለየት ግን ቲቢው ቢኖርም አይጠቅምም፤ ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በሳህን አይደለም።

“ኤን ኤ ዲ” የሚል የራጅ ውጤት ይዛ ያለቀሰች ወጣትም አይቻለሁ። ትርጉሙ “የታየ ችግር የለም” ማለት ነበር።

ከሁሉም የከፋው አንድ ምህጻረ ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው ነው። “ፒ አይ ዲ” ለማህጸን ሐኪም በማህጸንና በአካባቢው የሚፈጠር ኢንፌክሽን ነው። ለአጥንት ሐኪም ደግሞ ከቦታው የወጣ የጀርባ ዲስክ ነው። ወገቧን አሟት የታከመች አንዲት ሴት ይህን የሚል ወረቀት ይዛ ቤቷ ገባች። ባል ስልኩን አወጣና ጉግል አደረገ። ጉግል “በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል” አለው። በዚያ ቤት የተነሳውን ጭቅጭቅ ለእናንተ ልተወው። ተያይዘው እኔ ዘንድ ሲመጡ ሁለቱም እንቅልፍ ያጡ ይመስሉ ነበር።

የቃሉ መነሻና መድረሻም ቀላል ጉዳይ አይደለም። “ሃይፐር” ሲባል ከልክ በላይ ነው፤ “ሃይፖ” ሲባል ከልክ በታች። በስልክ ሲነገሩ ለጆሮ ይመሳሰላሉ። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ቢዘገይበት ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል። ይህ ሃይፖ ነው፤ በቶሎ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር መቅመስ አለበት። ቤተሰቡ ሃይፐር ብሎ ከሰማ ግን ያችኑ ስኳር ይነፍገዋል። በዚህ መሀል ሰው ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ያለበት ቤት ሌላውን ሁሉ ቢተው እነዚህን ሁለቱን ይወቅ።

ሌላው ይቀላል። መጨረሻው “አይቲስ” የሆነ ሁሉ መቆጣት ነው፦ ጋስትራይቲስ ጨጓራ፣ ሄፓታይቲስ ጉበት፣ አፔንዲሳይቲስ ትርፍ አንጀት። “ኤክቶሚ” ካለ ተቆርጦ የወጣ ነገር አለ። “ኦቶሚ” ካለ ግን ተከፍቷል ማለት ብቻ ነው። ላፓሮቶሚ የሚል ወረቀት ይዞ “ሆዷን ከፍተው ምኗን አወጡባት?” ብሎ የሚያፋጥጠኝ ዘመድ ብዙ ነው።

ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። “ቲ አይ ዲ” ከላቲን የመጣ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን “በቀን” ሲባል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመስለውና ሦስቱንም ከምሽቱ በፊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ በየ8 ሰዓቱ የሚወሰድ ከሆነ ፖስታው ላይ “ጠዋት 1፣ ከሰዓት 9፣ ማታ 5” ብዬ እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ እሥላለሁ። ሥዕሌ አያምርም፤ ግን ይገባቸዋል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለሆስፒታሎች ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ጥቂት ምህጻረ ቃላትን አትጠቀሙ ብሎ ዘርዝሯል። በቀን አንዴ ለማለት የሚጻፈው “ኪው ዲ” አንዱ ነው፤ በቀን አራቴ ከሚለው “ኪው አይ ዲ” ጋር ይምታታል። ከኢንሱሊን መጠን ቁጥር ኋላ “ዩኒት” ለማለት የምትጻፈው “ዩ” ሌላዋ ናት። በእጅ ስትጻፍ ዜሮ ትመስላለች፤ 10 የነበረው 100 ሆኖ ይነበባል። እነሱ ይህን የከለከሉት ባለሙያው ራሱ እየተሳሳተ ነው። እንግዲህ ለታማሚው ምን ሊሆን ነው?

ሐኪሞች ጊዜ የላቸውም ይባላል። እውነት ነው፤ በር ላይ ያለውን ሰልፍ አያለሁ። ካርዱ ላይ እንደልባቸው ያሳጥሩ፣ ካርዱ መነጋገሪያቸው ነው። የሕክምና ቃል ሁሉ አማርኛ ይሁን በሚሉትም የለሁበትም። ሰው ስኳር፣ ደም ብዛት፣ ጨጓራ ብሎ ራሱ ስም አውጥቷል፤ ኮሌስትሮልንም ኮሌስትሮል ብሎ ለምዷል። የምለው ታማሚው ይዞት ስለሚወጣው ወረቀት ነው። ከግርጌው ሦስት መስመር አማርኛ ይበቃል፦ ምን እንደተገኘ ወይም ገና ምን እየተጣራ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ተወስዶ መቼ እንደሚያልቅ፣ ምን ሲታይ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት። ቅጹ ሲታተም ቦታው አብሮ ቢዘጋጅ ደግሞ መጻፉ አይረሳም።

ጋዜጣችሁም በጤና ገጹ ላይ ለእነዚህ ቃላት ትንሽ ጥግ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ከወባ ጀምሩ። ውጤቱ “ፒ ኤፍ” ከሆነ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው፤ ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። “ፒ ቪ” ከሆነ ቫይቫክስ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። ለእሱ ከክሎሮኪን ሌላ፣ ለነፍሰ ጡር ባይሰጥም፣ ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኪን ይታዘዛል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ግን “ፒ ኪው” የምትል ብቻ ናት። ሰው ክሎሮኪኑን በ3 ቀን ይጨርሳል፤ ራስ ምታቱ ይለቀዋል፤ ሌላውን ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። ወባው ሲያገረሽበት “የሸጥሽልኝ ፎርጅድ ነው” ብሎ ይመጣብኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሐይቁ ዳር የሚመጣልኝ ወረቀት አብዛኛው የወባ ነው፤ ጥጉን ከዚያ በፊት ብታደርሱት ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ባሕር ዳር