አንድ ሰው መጥቶ የተራ ደብተራችንን ይመልከትልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ በኮሮና ጊዜ ሥራ ያጣ ሰው ከመንግስት ምን አገኘ የሚል ጽሁፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ፣ ጽሁፉ ጥሩ ነበር ግን የሚያወራው ስለ ፋብሪካና ስለ ሆቴል ሠራተኛ ብቻ ነው፣ የእኛ ዓይነቱን ሰው አላነሳም፣ እና እኔ ልጨምርበት ብዬ ነው። ባህር ዳር ጣና ላይ የቱሪስት ጀልባ ነጂ ነኝ። ጀልባዋ የኔ አይደለችም። ደመወዝ የሚባል ነገርም የለኝም፣ ተራዬ ደርሶ ሰው ጭኜ ዘጌ ወይ ክብራን ገብርኤል ደርሼ ከተመለስኩ ድርሻዬን አገኛለሁ፣ ካልወጣሁ የለም። ቲፕ ካለ እሰየው።

ተራ የሚያዘው ደብተር ላይ ነው። ሰማያዊ ልባስ ያላት ተራ የተማሪ ደብተር ናት፣ የጀልባ ማህበራችን ጸሐፊ ቀኑን፣ የጀልባውን ቁጥር፣ የነጂውን ስም፣ ስንት ሰው እንደተጫነ፣ ወዴት እንደሄደና ስንት ሰዓት እንደወጣ ይጽፍባታል። ውሃ ነክቷት ጠርዟ ተንጨፍርሯል፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። የ2012ቱን ደብተር በቀደም አውጥተን አየነው። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ የተባለ ዕለት፣ 9 ጀልባ ወጥቷል። በሳምንቱ 2። ከዚያ ቀኑ ብቻ ተጽፎ ጎኑ ባዶ ነው፣ ትንሽ ወረድ ስትሉ ደግሞ ጸሐፊያችን ቀኑንም መጻፍ ትቶታል።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ክልሉ ባህር ዳርን ከነ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን ዘጋ፣ ባጃጅ እንኳ ቆመ፣ የጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ውሻ ብቻ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ ለ5 ወር። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያባርር፣ አከራይ ተከራይ እንዳያስወጣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከለከለ። ሠራተኛ ሳይቀንሱ ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶችም ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠውን ግብር ለ4 ወር መንግስት ተወላቸው፣ ሆቴሎችም ብድር ተመቻቸላቸው። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን እኔን ማን ያባርረኛል? ባለ ጀልባው «ከሥራ ወጥተሃል» አላለኝም፣ ምን ብሎ ይላል፣ ጀልባዋን ወደ ደረቅ አስጎትቶ ሞተሯን ፈታና ሸራ አለበሳት፣ በቃ። የሥራ ስንብት ክፍያ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሥራ ማጣቴን የሚያሳይ አንድ ወረቀት በእጄ አልነበረም፣ ሥራ እንደነበረኝ የሚያሳይም እንደዛው።

የኪራዩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሽምብጥ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው፣ አከራዬ እማማ ባላቸው የሞተ ሴትዮ ናቸው፣ የሚኖሩት ከኔና ከሌላ አንድ ተከራይ በሚያገኙት ነው። አዋጁ አያስወጡትም አለ፣ እውነት ነው አላስወጡኝም፣ «የኔ ልጅ ሲኖርህ ትሰጠኛለህ» አሉኝ። 3 ወር አልከፈልኩም። እማማ ታዲያ ምን በሉ? መንግስት ለኔ የሰጠኝ ድጎማ ከእማማ ኪስ የወጣ ነው ማለት ነው፣ ይሄን ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። ጠዋት ጠዋት ቡና ሲያፈሉ እንዳይጠሩኝ በጓሮ በር ነበር የምወጣው፣ ምክንያቱም ቡናውም የሳቸው ነው።

ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 11 ነበር ያኔ የዋለው፣ ማዕድ ማጋራት ተብሎ ቀበሌ ዱቄትና ዘይት ሊሰጥ ነው ተባለና ሄድኩ። እዛ ያሉት ኮሚቴዎች የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ አስተማሪም አለበት፣ በነጻ ነው የሚሠሩት፣ እነሱን ለመክሰስ አይደለም። ቤት ለቤት ዞረው እያዩ ነበር የሚመዘግቡት፣ እኔ ቤት ሲገቡ 32 ኢንች ፍላት ቲቪ ግድግዳ ላይ አዩ። አለቀ። «አንተ ምን አለብህ» አለኝ አንዱ። ቲቪ ይበላል እንዴ? ጥምቀት ላይ ሥራው ሞቅ ብሎ የገዛሁት ነው። ግንቦት ላይ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩትና ተመልሼ ሄድኩ፣ አሁን ደሃ ሆኛለሁ ልበል እንጂ ሌላ ምን ልል ነው፣ ምዝገባው አልፏል ተባልኩ።

እና ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የኛ አገር ዝርዝር የሚሠራው ደሃ የሆነን ሰው ለመፈለግ ነው፣ ትናንት ሠርቶ የበላና ዛሬ ሥራው የቆመበትን ሰው ለመፈለግ አይደለም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ገጠሩ ሴፍቲኔት የሚባል የደሃ ድጎማ አለው፣ የከተማውም ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፣ ከክልላችን ያኔ የገባችው ደሴ ናት፣ ያም ቢሆን የሚያየው ድሮም የቸገረውን ነው። ለሥራ አጥ የሚከፍል መድን አገራችን ውስጥ የለም። የግል ድርጅት ጡረታ አለ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣል፣ ግን እሱም ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው፣ የሚከፈለውም ሲያረጁ። እድራችንን እንኳ ጠየቅን፣ ሰብሳቢው ጋሼ እያዘኑ «ልጆቼ ደንቡ ለሞተ ሰው ነው የሚለው እንጂ ሥራው ለሞተበት አይልም» አሉን። ደንብ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ።

ታዲያ እንዴት ኖርክ ካላችሁኝ ግማሹን ከዓሣ አጥማጆች ጋር በደንገል ታንኳ እየወጣሁ፣ እሱም ሆቴሎች ስለተዘጉ ቀረሶውን የሚገዛን ጠፍቶ ራሳችን ስንበላው ነበር። ግማሹን ደግሞ፣ ስታነቡት ትስቁ ይሆናል፣ በአሜሪካ መንግስት ድጎማ ነው የኖርኩት። የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ኡበር ይነዳል። እሱም እንደኔው ደመወዝተኛ አይደለም፣ በወጣ ቁጥር የሚከፈለው ሰው ነው፣ እሱም ያኔ ሥራው ቀጥ አለበት። በፊት እንደሱ ዓይነት በራሱ የሚሠራ ሰው የሥራ አጥ ክፍያ አያገኝም ነበር፣ ለኮሮና ብለው ባወጡት ህግ ነው የገባው፣ በዛ ላይ በሳምንት 600 ዶላር እየተጨመረ እስከ ሐምሌ ተከፈለው። ከሱ ላይ ቆንጥሮ ሁለቴ ላከልኝ። በመጀመሪያው 25 ኪሎ ጤፍ ገዛሁበት፣ በሁለተኛው ለእማማ የ2 ወር ሰጠኋቸው። ሽምብጥ ያለች አንዲት ሴትዮ ኪራይ ዋሽንግተን በተፈረመ ህግ ተከፈለ ማለት እኮ ነው! እና በስልክ አንተን እንዴት አገኙህ ስለው «ታክስ ፋይል አድርጌ ነበራ፣ ምን ያህል አስገባ እንደነበር ያውቁታል» አለኝ። የሱ ወረቀት ታክሱ ነው። የኔ ወረቀት ያቺ ቤንዚን የምትሸት ደብተር ናት፣ ግን ማንም አልጠየቃትም።

አሜሪካ ሀብታም ናት ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እንግሊዝም የደመወዙን 80 ከመቶ ስትከፍል ነበር፣ እነሱን ተዉአቸው። ቶጎን ግን ምን እንላታለን? እኛ አስቸኳይ ጊዜ ያወጅንበት ዕለት፣ ያው መጋቢት 30፣ እነሱ ኖቪሲ የሚባል ድጎማ ጀመሩ። ሰውዬው ስልኩ ላይ *855# ይመታል፣ ስማርት ፎን አያስፈልገውም፣ የምርጫ ካርዱን ቁጥር ያስገባል፣ የምርጫ መዝገባቸው ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ተጽፏል፣ ሞተር ነጂ፣ ስፌት ሠራተኛ፣ ጉልት ቸርቻሪ ምናምን፣ በዛ ያረጋግጡና ብሩ ስልኩ ላይ ይገባለታል። ዋና ከተማቸው ሎሜ ላይ ለሴት በወር 12,250 ለወንድ 10,500 ሴፋ ፍራንክ ነበር፣ በሁለት ክፍያ። ብዙ አይደለም፣ ግን ማንም ቤቱ ገብቶ ቲቪውን አላየበትም። ቶጎ ከኛ በብር አትበልጥም፣ የበለጠችን ሥራህ ምንድነው ብላ ቀድማ በመጻፏ ነው።

ያኔ እኛ ጋ ቴሌብር አልነበረም፣ ልክ ነው፣ በ2013 ነው የመጣው። አሁን ግን ያ ምክንያት የለም፣ ቴሌብር የሌለው ጀልባ ነጂ አላውቅም፣ ፋይዳም እየተመዘገብን ነው። የጎደለው «ይሄ ሰው የሚሠራው ይሄን ነው፣ በዚህ ወር ይሄን ያህል ጊዜ ወጥቷል» የምትለዋ መስመር ናት። እሷ ደግሞ አለች፣ በየመናኸሪያው፣ በየባጃጅ ማህበሩ፣ በጫኝና አውራጁ፣ በየወደቡ በእጅ ጽሁፍ ተቀምጣለች። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጣት ነው የምለው፣ ሌላ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት፣ ደግሞ ወረርሽኝ ብቻ አይደለም፣ ከኮሮና በኋላ እኛ ቱሪስት በመጥፋት ስንት ጊዜ እንደተመታን ባህር ዳር ያለ ሰው ያውቀዋል።

እኛም ንጹህ አይደለንም ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ስማችንን ሊመዘግቡ ሲመጡ ግማሻችን ግብር ሊጥሉብን ነው ብለን አባይ ማዶ ሄደን ጠፋን፣ እኔም አለሁበት። ክረምት ላይም ኮሮና ኖረም አልኖረም ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ነሐሴ ላይ ባዶ ገጽ አሳይቶ ክፈሉኝ የሚል ይኖራል፣ ለሱ ነው የቀደሙትን ዓመታት ደብተሮች አስተያይቶ መፍረድ የሚያስፈልገው፣ አምና ነሐሴ ስንት ወጥተህ ነበር ብሎ። ብሩንም ከሰማይ ይውረድ አላልኩም። ከየጉዞው ትንሽ ቢቆረጥብን እንከፍላለን፣ ለማህበሩ እንኳ እየከፈልን አይደል። ፔሮል ላይ ያለው 7ቱን ሲያዋጣ 11ዱን አሠሪው ይሞላለታል፣ እኛ 7ቱን ብናመጣ 11ዱን ማን ይሙላው የሚለውን ክልሉም ፌዴራሉም ይነጋገሩበት፣ ባለ ጀልባዎቹም አሉ፣ ጀልባ ነጂ ብቻውን ቀዳዳ አይደፍንም።

እማማ ደህና ናቸው፣ የቀረባቸውን አንድ ወር ጥቅምት 2013 ላይ ከፈልኳቸው። ቲቪ አልገዛሁም እስካሁን።

የ2012ቱ ደብተር ጸሐፊያችን ጋ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ፣ የቀደሙትም አሉ፣ አንዱን ብቻ አይጥ በልቶታል። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማንም ሰው ማየት ከፈለገ ጸሐፊያችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ወደቡ ላይ ነው።

አንድ የጀልባ ነጂ
ከባህር ዳር