ሱፐርቻርጀር ለሚያስገጥሙ፦ ከኢንጀክተሩ በፊት ፓምፑ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የመኪና ጥያቄና መልስ ዓምድ ላይ፣ አንድ አንባቢ በቤንዚን መኪናው ላይ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ለማስገጠም እንዳሰበ ገልጾ ከነዳጅ መስመሩ ምን ምን መቀየር እንዳለበት ላቀረበው ጥያቄ፣ ኢንጀክተሩን (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ክፍል) በትልቅ ከቀየረ ሌላው እንዳለ እንደሚበቃው የሚገልጽ አጭር መልስ ተሰጥቶት አንብቤያለሁ። መልሱ ሐሰት ነው አልልም፤ ግማሽ ነው። ይህንኑ ግማሽ ምክር ተቀብዬ ሞተር ያወረድሁ ሰው በመሆኔ፣ የቀረውን ግማሽ እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነዋሪነቴ ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ የምነዳት መኪና ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር የቤንዚን ላንድክሩዘር ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን አጠንክሬ መያዝ ይሻላል ብዬ፣ የእህቴ ባል ከዱባይ ያመጣልኝን ሱፐርቻርጀር አስገጠምሁ። ሥራውን የያዘው ጋራዥ ኢንጀክተሮቹን በትልልቅ ቀየረ፤ የነዳጅ ፓምፑንና የፓምፑን የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን አልነካም። በማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል ስመላለስ መኪናዋ እንደ ወፍ በረረች። ከዚያ አንድ ቀን ዕቃ ጭኜ ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ጀመርሁት። ሞተሩ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የሚመስል ድምፅ አሰማ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ጉልበቷ ወደቀ። የስድስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ሲፈታ ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ግራጫ እንክብሎች ተለጥፈው ነበር። ከፒስተኑ አናት ቀልጦ የተረጨ አሉሚኒየም ነው።

ማርቆስ ላይ ያልታየው ጉድለት በዓባይ በረሃ ውስጥ ለምን ታየ? ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። የዓባይ ድልድይ ግን ከ1,000 ሜትር ብዙም ባልራቀ ከፍታ ላይ ነው። በሞተሩ ቺንጊያ የሚዞር ሱፐርቻርጀር በአንድ ዙር የሚያስገባው አየር በመጠን ያው ቢሆንም፣ እታች የሚገባው አየር ስለሚወፍር ክብደቱ ይጨምራል፤ የበረሃው ሙቀት የተወሰነውን ቢመልሰውም ከማርቆሱ ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል። ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። የመኪናው ኮምፒዩተር አየሩ መጨመሩን ቢያውቅ እንኳ ፓምፑ የሌለውን ከየትም አያመጣም፤ የነዳጁ ግፊት ይወርዳል፣ የአየሩና የቤንዚኑ ድብልቅ ቤንዚን አንሶት ይሳሳል፣ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ለሚነዳ ሰው የነዳጅ መስመር የሚመረጠው በሚኖርበት ከተማ ሳይሆን በሚወርድበት በረሃ ልክ ነው።

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ሱፐርቻርጀር ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 270 ግራም ቤንዚን ይፈልጋል፤ ከተራ ሞተር የሚበልጠው ሱፐርቻርጀሩ ራሱ ከሞተሩ ጉልበት ስለሚወስድና ሙቀቱን ለማብረድ ድብልቁ መወፈር ስላለበት ነው። 300 የፈረስ ጉልበት ለታሰበለት ሞተር ይህ በሰዓት ወደ 110 ሊትር፣ በደቂቃ 1.8 ሊትር ገደማ ይሆናል። እኔ ሞተሩ ከወረደ በኋላ የፓምፑን መስመር ፈትቼ፣ መስመሩ በሥራ ላይ የሚኖረውን 3.4 ባር ግፊት በሬጉሌተር (የነዳጁን ግፊት በሚቆጣጠረው ክፍል) ሰጥቼ፣ በአንድ ደቂቃ የሚያወጣውን በጆግ ለካሁት፤ 1.3 ሊትር ብቻ ነበር። ማርቆስ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚፈለገውም ቤንዚን ያንሳልና ይህ ለጥቂት የሚጎድል ስለሆነ አያስነቃም፤ ድልድዩ ዘንድ ግን አይበቃም።

ከዚህም የባሰው ሽቦው ነው። ዲናሞው 13.9 ቮልት እየሰጠ፣ ፓምፑ ሶኬት ላይ ስለካ የደረሰው 11.2 ብቻ ነበር፤ ቀሪው በቀጭኑና ባረጀው ሽቦ ላይ አልቋል። ቮልት ሲወርድ ፓምፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ የሚያወጣውም ይቀንሳል። ስለዚህ ከባትሪው በፊውዝና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ዘረጋሁ። በወጪም በድካምም ከሁሉ የቀለለው ሥራ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም የሚረሳው እርሱኑ መሆኑ ይገርመኛል። ፓምፑንም በሰዓት 255 ሊትር በሚለው ቀየርሁት፤ ይህ ቁጥር ግፊት ሲጨምር የሚቀንስ በመሆኑ ትርፍ መያዙ ብክነት አይደለም።

ኢንጀክተር የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ ያልሁት 110 ሊትር ለ6 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 305 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) ያህል ይደርሰዋል፤ ኢንጀክተር ከጊዜው 80 በመቶ በላይ ተከፍቶ እንዲሠራ ስለማይመከር ከ380 ሲሲ ማነስ የለበትም። እኔ 440 አስገብቻለሁ። ከዚህ አልፎ እጅግ ትልቁን መምረጥ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ኮምፒዩተሩ በልኩ ካልተስተካከለ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ የተረፈውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል።

አንዳንድ መካኒኮች ኢንጀክተሩን ሳይነኩ በሬጉሌተር ግፊት ብቻ መጨመርን እንደ አቋራጭ ያቀርባሉ። ግፊቱን ከ3 ወደ 4 ባር ማሳደግ የሚጨምረው ፍሰት 15 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ፓምፑን ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ሬጉሌተሩ ሱፐርቻርጀሩ የሚፈጥረውን ግፊት እኩል ተከትሎ እንዲጨምር ማድረግ ግን ግዴታ ነው፤ 0.4 ባር ሲገፋ ነዳጁ 3 ባር ላይ ከቀረ ፍሰቱ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳልና። ፊልትሮን በተመለከተ፣ ነዳጅ ሲጠፋ በጄሪካን የሚሸጠውን የምንቀዳ ሁሉ ምን አብሮ እንደሚገባ እናውቃለንና ብዙ አልልም፤ አዲስ ፓምፕ ከአሮጌ ፊልትሮ ጋር አይገጠም።

በመጨረሻ መለካቱን በተመለከተ፣ የመኪናው የራሱ ኦክስጅን ሴንሰር በደንብ የሚያነበው 14.7 ለ1 (በክብደት አየር ለቤንዚን) አካባቢ ያለውን ድብልቅ ብቻ ነው። በሙሉ ጉልበት የሚያስፈልገው ከ11.5 እስከ 12 ለ1 ስለሆነ ሰፊ ክልል የሚያነብ ሴንሰር ከነጌጁ መግጠም ያስፈልጋል። ልኬቱም ጋራዥ በር ላይ ሳይሆን ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ጌጁን የሚያነብ ሌላ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይደረግ። ባለፈው ወር እንዲህ አድርጌ ስወጣ ጌጁ 11.7፣ የነዳጅ ግፊቱም 3.4 ባር ላይ ጸንተው እስከ ደጀን ዘልቀዋል።

የጠያቂው መኪና ገና ሱፐርቻርጀር ካልተገጠመላት፣ ይህ ደብዳቤ በቀጣዩ እትም ቢደርሰው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ