ግልጽ ደብዳቤ ለፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ፦ ሶሻሊዝምን እኛ ኖረንበታል

ለክቡር ዶናልድ ትራምፕ
የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት
ዋይት ሐውስ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

እንደምን ሰነበቱ? ቨርጂኒያ የምኖር፣ ግብሬን የምከፍል፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር የምመርጥ አሜሪካዊ ነኝ። ያደግኩት በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ነው። ሁለቱንም ፓርቲዎች በተለያየ ጊዜ መርጫለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት አንድም እርስዎ አስተርጓሚ ስለማያጡ፣ አንድም ወገኖቼ እንዲያነቡት ስለፈለግኩ ነው። የኢትዮጵያውን ዘመን በዓ.ም.፣ የአሜሪካውን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው። የአሜሪካን ምርጫ «ሶሻሊዝም ወይስ ነጻነት» እያላችሁ አታቅርቡልን። ሶሻሊዝምን ወድጄው አይደለም። እንዲያውም ስለማውቀው ነው።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2019 ምክር ቤት ቆመው አሜሪካ መቼም ሶሻሊስት አገር እንደማትሆን ተናገሩ። እኔም ቤቴ ሆኜ «አሜን» ብያለሁ። በኦገስት 2020 የፓርቲዎን ዕጩነት ሲቀበሉ ደግሞ ምርጫው የአሜሪካን ሕልም በማዳንና ለሶሻሊስት አጀንዳ አሳልፎ በመስጠት መካከል ነው አሉ። ተቀናቃኝዎ ጆ ባይደን ነበሩ። ሰውየው በፓርቲያቸው ውድድር ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ነኝ የሚሉትን በርኒ ሳንደርስን አሸንፈው የመጡ ናቸው፤ ሶሻሊስቱን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ብለውም ተከራክረዋል። በ2024 ደግሞ ካማላ ሃሪስን «ጓድ ካማላ» ማለት ጀመሩ። ጓድ! እኛ ሰፈር ይህ ስም የሚቀጠለው በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ ነበር። የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ በነበሩ ሴት ላይ ተለጥፎ ስሰማ ሳቄ መጣ።

ንግግሩ ግን ይሠራል። ማያሚ ላይ ሠርቷል። ማያሚ ዴድ ካውንቲ ውስጥ ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ወደ 30 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸንፈው ነበር። በ2020 ባይደን ያሸነፉት በ7 ነጥብ ገደማ ነው። ከኩባና ከቬኔዙዌላ የመጣ ሰው ሶሻሊዝም ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የኛም ሰው ይደነግጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ቤቱ የተወረሰበት፣ ወንድሙ በቀይ ሽብር የተገደለበት ሰው «መጡልህ» ሲባል ቆም ብሎ አያጣራም። አማካሪዎችዎም ይህንን ያውቃሉ። (በ2020 ብዙ ኢትዮጵያዊ በእርስዎ የተቀየመው ግን በዚህ አልነበረም። ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች ባሉት ነው። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

እስቲ የኛን ሶሻሊዝም ላስረዳዎት።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ላይ፣ ሶሻሊዝምን አወጀ። ወዲያው ባንክና ኢንሹራንስ ተወረሱ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ሁለት ቤት የነበረው አንዱን ይዞ ሌላውን አስረከበ። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከ100 ብር በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ገባ።

እውነቱን ለመናገር የመሬት አዋጁ ሲወጣ ሕዝቡ ተደስቶ ነበር። አዲስ አበባ በሰልፈኛ ተጥለቀለቀች። ለባለርስት ሲገብር የኖረ ጭሰኛ «መሬት ላራሹ» ሲባል ቢጨፍር ምን ይገርማል? ኪራይ የተቀነሰለት ተከራይም አልከፋውም። ደርግን ላሞግስ አይደለም፤ ታሪኩ ሳይቆራረጥ ይነገር ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ፣ በካርድ፣ በሰልፍ ሆነ። ገበሬው እህሉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠለት ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ተገደደ። ኮታው ያልሞላለት ገበያ ወጥቶ በውድ ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ ሲመሠረትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር፣ ወሎና ትግራይ ላይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር።

አሁን የምለውን ግን አማካሪዎችዎ የሚያውቁት አይመስለኝም። በቀይ ሽብር ካለቁት ወጣቶች እጅግ ብዙዎቹ ራሳቸው ሶሻሊስት ነበሩ። ኢሕአፓ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ሶሻሊስት ነበር። መኢሶን፣ ማለትም የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ ሶሻሊስት ነበር። ደርግም ነኝ ይል ነበር። ሁሉም ሌኒንን ይጠቅሳሉ። የተጋደሉት በግብር መጠን ወይም በሕክምና ኢንሹራንስ አይደለም። ኢሕአፓ ወታደሩ ወደ ካምፑ ይመለስ፣ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። መኢሶን ለጊዜው ከደርግ ጋር ተጠግተን እንሥራ አለ። የማንኛቸው ሐሳብ እንደሚሻል በካርድ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ በጥይት ተለየ። ቆይቶ መኢሶንም ተራው ደረሰው። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች አሉ።

ምርጫ አልነበረም ወይ ካሉኝ፣ ነበረ። በ1979 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። በዚያው ዓመት የምክር ቤቱ፣ ማለትም የሸንጎው፣ ምርጫ ተካሄደ። ዕጩ የሚያቀርቡት ፓርቲውና በሥሩ ያሉት ማኅበራት ነበሩ። ሊቀመንበሩም ፕሬዚዳንት ተባለ። ያ ፕሬዚዳንት ሥልጣን የለቀቀው ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። በድምፅ ተሸንፎ ሳይሆን በአውሮፕላን ተሳፍሮ።

እኔ ሶሻሊዝምን ስፈራ የምፈራው ይህንን ነው። ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው «ይበቃሃል» ብሎ ማውረድ የማይቻልበትን አገር። ስኳሩ እንኳ ይቅር፤ ያለ ስኳር ሻይ ጠጥተናል።

አሜሪካ ስመጣ ሶሻሊዝም የሚባለው ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ታሪኩን ሳነብ ደግሞ ማስፈራሪያው ከእርስዎ በፊት እንደነበረ ገባኝ። በ1928 ኸርበርት ሁቨር የዴሞክራቱን ዕጩ አል ስሚዝን ሐሳቦች የመንግሥት ሶሻሊዝም ናቸው ብለው ከሰሱ። ስምንት ዓመት አለፈ። ያው አል ስሚዝ በተራቸው የራሳቸውን ፓርቲ ሰው ፍራንክሊን ሩዝቬልትን በሶሻሊዝም ከሰሱ። ዋና ከተማችን ወይ ዋሽንግተን ወይ ሞስኮ ነው አሉ። መራጩ ሰማቸውና ከ48ቱ ክፍላተ ግዛት 46ቱን ለሩዝቬልት ሰጠ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የጡረታ ሕግ የወጣው በዚያ ሰሞን፣ በ1935 ነው። ዛሬ ከሁለቱም ፓርቲ የሚነካው ሰው የለም። እርስዎም አልነካውም ብለው ደጋግመው ቃል ገብተዋል።

የአረጋውያኑን የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬርን፣ ደግሞ ልጨምር። በ1961 ሮናልድ ሬገን ገና ተዋናይ ሳሉ ለሐኪሞች ማኅበር አንድ ሸክላ ቀረጹ። ለአረጋውያን የሚታሰበው የሕክምና ኢንሹራንስ ካለፈ፣ አንድ ቀን ለልጅ ልጆቻችን አሜሪካ ውስጥ ሰው ነጻ የነበረበትን ዘመን እንተርካለን የሚል ነበር መልእክቱ። ሕጉ በጁላይ 1965 ተፈረመ። ሬገን በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሜዲኬር ግን አለ። በ1983 የሶሻል ሴኩሪቲን ካዝና ከመራቆት ያዳነውን ሕግ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። እኔ የማውቃቸው የኛ እናቶች ቀበሌ የሚለው ቃል ብቻ የሚያንገሸግሻቸው ናቸው። የሜዲኬር ካርዳቸውን ግን ከፓስፖርታቸው እኩል ይጠብቁታል። ሞኞች አይደሉም። ልዩነቱን ስለሚያውቁ ነው።

ወደ እርስዎም ልምጣ፣ አይቀየሙኝ። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ 1,200 ዶላር ለየሰዉ ላኩ። በወረቀት በመጣው ቼክ ላይ ስምዎ ታትሞ ነበር። ከማውቃቸው ሰዎች «ይሄ ሶሻሊዝም ነው» ብሎ የመለሰ አንድም የለም። በ2018 እና በ2019 ከቻይና ጋር በገባችሁት የታሪፍ ጦርነት ለተጎዱ ገበሬዎች ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ድጎማ መደቡ። ይሁን፤ ገበሬ መደገፉ አያስከፋኝም። በ2025 ግን አዲስ ነገር መጣ። በጁን የብረት አምራቹ የዩኤስ ስቲል ሽያጭ ሲጸድቅ መንግሥት በድርጅቱ ትልልቅ ውሳኔዎች ላይ እምቢ ማለት የሚያስችለው «ወርቃማ አክሲዮን» ያዘ። በኦገስት ደግሞ ከቺፕ አምራቹ ከኢንቴል 10 በመቶ ገደማ ድርሻ ወሰደ። ለእርዳታ የተመደበው ገንዘብ ወደ አክሲዮን ተቀየረ ማለት ነው።

እኔ መንግሥት ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ ካዩ ሰዎች ወገን ነኝ። ኢንቴል በደርግ ዓይነት አልተወረሰም፤ ያንን አልልም። ግን አንድ ነገር ያስቡልኝ። ይህንን ኦባማ ቢያደርጉት ኖሮ የእርስዎ ሰዎች ምን ይሉ ነበር? ለታክሲ ነጂ የሕክምና ኢንሹራንስ ሲደጎምለት ሶሻሊዝም የሚሆነው፣ ቺፕ አምራች ውስጥ መንግሥት ባለድርሻ ሲሆን ብልህ ንግድ የሚባለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ዴሞክራቶቹንም አልምርም። ሳንደርስ በፌብሩዋሪ 2020 ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው የኩባውን መሪ የካስትሮን የማንበብና መጻፍ ዘመቻ በጎ ጎን አነሱ። የኛም ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበረው። ዩኔስኮ ሸልሞታል። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ግን እንደ «ሠርቶ አደር» ያለ የፓርቲና የመንግሥት ጋዜጣ ነበር። ነጻ ጋዜጣ አልነበረማ! የቼ ጌቫራን ቲሸርት ለብሶ የሚሰለፈው የዩኒቨርሲቲ ልጅ አንድ ቀን ከኛ ሽማግሌዎች ጋር ቡና ቢጠጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ የዞህራን ማምዳኒ ነገር አለ። በኒው ዮርክ ከተማ የከንቲባ ምርጫ ሰሞን ኮሚኒስት ነው እያሉ ሲያስፈራሩ ሰነበቱ። ራሱም ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ነኝ ይላል። አሸነፈ። ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ቢሮዎ ተቀብለውት ተሳሳቃችሁ። በዚያው ቀን የተወካዮች ምክር ቤት ሶሻሊዝምን የሚያወግዝ ውሳኔ በ285 ለ98 አሳለፈ። እኔ በመሳሳቃችሁ አልተከፋሁም፤ ከንቲባና ፕሬዚዳንት ቢነጋገሩ ለከተማው ይበጃል። ግን ነጻነታችንን ሊወስድ ነው የተባለው ሰው ይህ ከነበረ፣ ያ ሁሉ ማስፈራራት ለምን አስፈለገ?

አንድ የሚከብደኝ ጉዳይ ቀርቶኛል። ጃንዋሪ 2 ቀን 2021 ለጆርጂያው የምርጫ ኃላፊ ለብራድ ራፈንስፐርገር ደውለው 11,780 ድምፅ ማግኘት እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ባይደን እዚያ ያሸነፉት በ11,779 ነበር። ካርዱ በእጅ ጭምር እንደገና ተቆጥሯል። ራፈንስፐርገር ሪፐብሊካን ናቸው፤ የመረጡትም እርስዎን ነው። ቁጥራችን ትክክል ነው አሉና ጸኑ። ከአራት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ላይ የሆነውን ዓለም አይቶታል። በእርስዎ ላይ የተመሠረተው የጆርጂያው ክስ በኖቬምበር 2025 ተዘግቷል፤ እኔም ዳኛ አይደለሁም። በጎረቤቶቼ መካከል ስለዚያ ምርጫ ዛሬም ከእርስዎ ጋር የሚስማሙ አሉ። እኔ ግን ያንን የስልክ ቅጂ ስሰማ የመጣብኝ የሸንጎው ምርጫ ነው። ስለ ሶሻሊዝም ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ ያ ስልክ አስፈርቶኛል። ራፈንስፐርገር ደግሞ ነጻነት የሚባለውን ነገር ከብዙ የምርጫ ሰልፍ በላይ አሳይተውኛል።

በ2028 እርስዎ አይወዳደሩም፤ ሕገ መንግሥቱ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥን አይፈቅድም። ፓርቲዎ ግን ዕጩ ያቀርባል። ያ ዕጩ የእርስዎን ቃል ይሰማል ብዬ ስለማምን ይህንን ንገሩልኝ። ተቀናቃኙን ሶሻሊስት ከማለቱ በፊት የቱን ሕግ ማለቱ እንደሆነ በስሙ ይጥራልን። ሜዲኬርን ነው? ኦባማ ኬርን ነው? የተማሪ ብድርን ነው? ሊያስቀር የሚፈልገው ካለ ይንገረን፤ የማን ካርድ እንደሚቋረጥና በምን እንደሚተካ ጭምር። ግብር ይቀነስ ካለ በደስታ እሰማዋለሁ፤ ግብር በዝቶብኛል። ድንበር ይጠበቅ ካለም እንከራከራለን። የኢንቴልን አክሲዮን ምን ሊያደርገው እንዳሰበም እጠይቀዋለሁ።

ከምርጫው ቀን በፊት ደግሞ አንድ ነገር በአደባባይ ይበልልን። ከተሸነፍኩ ውጤቱ በጸደቀ ማግስት ለተቀናቃኜ ደውዬ «እንኳን ደስ አለህ» እላለሁ፣ ኃላፊዎቹንም ድምፅ ፈልጉልኝ አልልም ይበል። የዴሞክራቶቹም ዕጩ ይህንኑ እንዲል ለእነሱ በተመሳሳይ እጽፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቨርጂኒያ መራጭ

ግልባጭ፦
ለሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ
ለዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ
ዋሽንግተን ዲሲ