ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው መልስ ይገባዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ሥራ በቀላሉ ያገኙ ሰዎችን እንዴት እንደተቀጠሩ ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ ስለ ክፍት ቦታው የሰሙት ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ እንደሆነ ይነግሩኛል። ቀድሞ መስማት ጥፋት አይደለምና በእነርሱ አልፈርድም። የሚያሳዝነኝ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው፣ ወይም ቴሌግራም ሲያስሱ የሚውሉት ወጣቶች ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ የሆነውን የመውጫ ፈተና አልፈው ሲመጡ፣ ለጀማሪ የሥራ መደብ እንኳ የ2 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ይጠብቃቸዋል።

በቅርቡ በአንድ የግል ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዱ ማስረጃዬን ሳይገልጥ «እዚህ የምታውቀው ሰው አለ?» አለኝ፤ «የለም» ስል፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ አንድም ጥያቄ ሳልጠየቅ «እንደውልልሃለን» ተብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የደወለልኝ የለም። ከእኔ ጋር ወረፋ ስትጠብቅ የነበረች፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች ተወዳዳሪ የመሳፈሪያና የአልጋ ወጪዋን ከወንድሟ ተበድራ እንደነበር አጫውታኛለች፤ ስልክ ተለዋውጠን ስለነበር እርሷም መልስ እንዳላገኘች አውቃለሁ።

ስለዚህ አሠሪዎች ለሁሉም ተወዳዳሪ ከሥራው ጋር የተያያዘ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲያቀርቡ፣ ነጥቡን በጽሑፍ እንዲይዙ፣ ላላለፈውም ሰው ቢያንስ በአጭር የስልክ መልእክት ውጤቱን እንዲያሳውቁ በጋዜጣችሁ በኩል አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሥራ ፈላጊ፣ ከአዲስ አበባ