ሰኔ ላይ ወደ ሰፎክ ስንሄድ፦ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሰኔ ላይ ሲመጡ በምሥራቅ እንግሊዝ ወዳለው የሰፎክ ገጠር ስለምናደርገው ጉዞ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ። አስቀድመው ካወቁት መንገዱም አይከብድዎትም፣ የሚያዩትም አያመልጥዎትም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጉዞው የሚጀምረው ለንደን መሐል ካለው ናሽናል ጋለሪ፣ ከሥዕል ሙዚየሙ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የጆን ኮንስታብል «የድርቆሽ ጋሪ» የሚገኘው እዚያ ነው፤ በ1821 ለሕዝብ የቀረበ፣ ቁመቱ 130፣ ወርዱ 185 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሥዕል። ሥዕሉ የሚያሳየው የምንሄድበትን የወንዝ ዳር ነው፤ ይህን ሳያዩ በቀጥታ ወደ ገጠሩ የሚሄዱ ሰዎች አንድ ኩሬና አንድ አሮጌ ቤት አይተው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አንለውጠውም። ሥዕሉ ፊት ወንበር ከተገኘ ይቀመጡና ቀስ ብለው ይዩት። ጋሪው ባዶ ነው። በስተቀኝ ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ ድርቆሽ የሚሰበስቡት ሰዎች ጣት የማያክሉ ሆነው ይታያሉ። ጋሪው ውኃ ውስጥ ለምን ገባ ቢሉ፣ ወንዙን ለመሻገር ብቻ አይደለም። በደረቅ ወራት የመንኮራኩሩ እንጨት ይኮማተርና ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት ይላላል፤ ውኃ ውስጥ ሲቆም እንጨቱ ያብጥና መልሶ ይጠብቃል፣ የፈረሶቹም እግር ይቀዘቅዛል። ቅጠሉና ውኃው ላይ ደግሞ ጠጋ ብለው ትንንሽ የነጭ ቀለም ጠብታዎችን ይፈልጉ። ራቅ ሲሉ ጠብታዎቹ ይጠፉና ብርሃን ይሆናሉ። በዘመኑ የነበሩ ተቺዎች ይህን ነጭ «በረዶ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ሥዕሉ ለንደን ሲቀርብ ገዢ አላገኘም፤ በ1824 ፓሪስ ሄዶ ግን የወርቅ ሜዳልያ አሸለመው።

ኮንስታብል ይህን ሁሉ የሚያውቀው የወፍጮ ባለቤት ልጅ ስለሆነ ነው። አባቱ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ የፍላትፎርድ የውኃ ወፍጮም የእሳቸው ነበር። ልጃቸው ሥራውን እንዲረከብ ቢፈልጉም በ1799 ለንደን ሄዶ ሥዕል እንዲማር ፈቀዱለት፤ ወፍጮውን ታናሽ ወንድሙ ያዘ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ እስከ ማኒንግትሪ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። 60 ዓመት የሞላው ሰው ሲኒየር ሬልካርድ የሚባለውን የአረጋውያን የባቡር ቅናሽ ካርድ ከገዛ ከቲኬቱ ዋጋ አንድ ሦስተኛው ይቀነስለታል፤ ጣቢያ ላይ ለመግዛት የእርስዎ ፓስፖርት ይበቃል። ቅናሹ ለንደን ዙሪያ በሥራ ቀን ጠዋት፣ በጥድፊያው ሰዓት አይሠራም፤ ስለዚህ በእኛ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ እንነሳለን። ቲኬቱ ላይ የሚያዩት ግን 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ እዚህ ቀኑን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው። እሑድን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ሐዲድ የሚጠገነው ብዙ ጊዜ እሑድ ስለሆነ ባቡሩ ቀርቶ አውቶቡስ ይተካል፣ ጉዞውም ይረዝማል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሰውም አይበዛም።

ከማኒንግትሪ በታክሲ መጀመሪያ ወደ ኢስት በርግሆልት እንወጣለን፤ ኮንስታብል በ1776 የተወለደበት መንደር ነው። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ተጀምሮ ስላልተጨረሰ አምስቱ ደወሎች ከ1531 ጀምሮ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ በቆመ የእንጨት ቤት ይኖራሉ። ለእኛ ደወል ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ መሆኑ ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው አደዋወሉ ነው። ገመድ የለም፤ ሰዎቹ የደወሉን የእንጨት ማንጠልጠያ በእጃቸው ይዘው ያወዛውዙታል። የኮንስታብል ወላጆችም የተቀበሩት እዚያው ግቢ ነው።

ከዚያ እስከ ፍላትፎርድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቁልቁለት አለ። ለታመመ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል፤ ስለዚህ እሱንም በታክሲ እንወርደዋለን። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከወፍጮው አጠገብ ቆመው ውኃውን ሻገር አድርገው ይዩ፤ በስተግራ ያለው ነጭ ቤት የዊሊ ሎት ነው፣ ሥዕሉ ላይ እንዳለ። ሰውየው ከ80 ዓመት በላይ ኖሮ ከዚያ ቤት ውጭ ያደረው አራት ሌሊት ብቻ ነው ይባላል። ዛፎቹ ግን ያኔ የነበሩት አይደሉም። ወፍጮው ዛሬ ተማሪዎች የሚያድሩበት ማሰልጠኛ በመሆኑ ውስጡን አያስጎበኙም። ትንሽ አለፍ ብሎ የጀልባ መሥሪያው ጉድጓድ አለ፤ ጀልባው ውስጡ ተሠርቶ ሲያልቅ ውኃ ይለቀቅበትና ተንሳፍፎ ይወጣል። ኮንስታብል ይህንን በ1814 እዚያው ሜዳ ላይ ሆኖ ሥሎታል።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሰኔ ጾም ነውና። ሻይ ቤቶቹ የሚያቀርቡት ስኮን የተባለ ትንሽ ኬክ ቅቤና ወተት አለበት። «ቪጋን» የተባለውን፣ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበትን መጠየቅ ይቻላል፣ እኔ ግን ዳቦና በሶ እይዛለሁ።

መመለሻው በወንዙ ዳር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳማ መንገድ ነው። ከብቶች ይሰማሩበታል፤ ጥጃ ያላት ላም ካለች ዞር ብለን እናልፋለን፣ ይህን እርስዎ ይበልጥ ያውቁታል። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ስለሚያዳልጥ የእግሩ ነገር ይቀርና ታክሲ እንይዛለን። ገጠር ውስጥ ታክሲ በእጅ ምልክት አይገኝም፤ ከዋዜማው ማዘዝ አለብኝ።

ጉልበትዎ ከፈቀደ በሌላ ቀን ማርክስ ቴይ ላይ ባቡር ቀይረን ሰድበሪ እንደርሳለን፤ ሌላው ሠዓሊ ቶማስ ጌይንስቦሮ በ1727 የተወለደበት ቤት ሙዚየም ሆኗል። ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ያለው የአቶ እና የወይዘሮ አንድሩስ ሥዕሉ ለእርስዎ ይሆናል፦ በስተቀኝ የስንዴ ነዶ ተከምሯል፣ የሴትየዋ ጭን ላይ ደግሞ ሳይቀባ የቀረ ቦታ አለ።

እንግዲህ የጫማ ቁጥርዎን ይላኩልኝ። ሶሉ የማያዳልጥ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ገዝቼ ልጠብቅዎ፤ ከዘራ ግን የራስዎን የለመዱትን ይዘው ይምጡ።

የሚወድዎ ልጅዎ