ወርቅ ለምን ይወደዳል? ለልጄ

ውድ ልጄ፣

«የማይበላ፣ የማይጠጣ ነገር እንዴት ይህን ያህል ይወደዳል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። «እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው» ብዬ ልገላገል እችል ነበር፤ ግን ብርቅ መሆን ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ፕላቲኒየምን ተመልከቺ። ስፔናውያን በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ውስጥ ከወርቅ ጋር ተደባልቆ ሲያገኙት፣ በዘመኑ እሳት አልቀልጥ ስላላቸው እንደ ቆሻሻ ይጥሉት ነበር። ዛሬ የመኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ እየገባ በውድ ይሸጣል።

አሉሚኒየም ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረቶች ሁሉ የሚበዛው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ከአፈሩ መለየት ስላስቸገረ ከብር ጋር ይፎካከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ የተከደነው በአሉሚኒየም ነው። በ1886 አሜሪካዊው ሆል እና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ ሳይተዋወቁ፣ በኤሌክትሪክ የሚለዩበትን ዘዴ አገኙ፤ ዋጋውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኮተ። ይኸው ዛሬ ለስላሳ ጠጥተን ጣሳውን እንወረውራለን።

ወርቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያልደረሰው ለምንድን ነው? አይዝግም፣ አይሻግትም። አንጥረኛ አንዷን ግራም ቀጥቅጦ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሊያሰፋት ይችላል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ስንዴ ይበላል፣ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ወርቅ ግን ስለማይጠፋ ከጥንት ጀምሮ የተቆፈረው አብዛኛው ዛሬም በሰው እጅ አለ። ግምቱ ከ200 ሺህ ቶን በላይ ነው። የዓመቱ ቁፋሮ በዚህ ላይ የሚጨምረው ሁለት በመቶ እንኳን ስለማይሞላ፣ ማንም ተነስቶ ገበያውን በአንድ ጊዜ ሊያጥለቀልቀው አይችልም። በአንድ ከተማ ግን ሆኖ ያውቃል፤ የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ወደ መካ ሲያልፍ ካይሮ ላይ ወርቅ እንደ ጉድ በመበተኑ፣ እዚያ ዋጋው ለዓመታት ወርዶ ነበር።

ታዲያ «ወርቅ አይከስርም» የሚሉሽን አትስሚ። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) 850 ዶላር ደርሶ፣ በ1999 ወደ 250 ዶላር ወርዷል። በመካከሉ የኑሮ ውድነቱን ስትጨምሪበት ጉዳቱ ይብሳል። ሰው ነገም ይፈልገዋል የሚለው እምነት ሲላላ ወርቅም ይረክሳል።

ቀለበት ልትገዢ ስትሄጂ፣ ለወርቁ ስንት፣ ለእጅ ሥራው ስንት እንደምትከፍዪ ለይተሽ ጠይቂ። ባለ 18 ካራት ከሆነ ከአራት እጅ ሦስቱ ብቻ ወርቅ ነው። ስትሸጪው የሚመዘንልሽም ይኸው ነው፤ የአንጥረኛውን ድካም የሚከፍልሽ የለም።

አባትሽ